ተወዳዳሪ የማያባርር የኢንተርኔት ቅጽ አሠራር፦ ለሥነ ጽሑፍ ውድድር አዘጋጆች

አንዲት ዓይነ ስውር ወዳጄ ለአንድ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ታሪክ ጻፈች። ታሪኩ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የመመዝገቢያ ቅጹን ለመሙላት ደግሞ ሁለት ምሽት ታግላ አልሆነላትም። ኮምፒውተሯ ጽሑፍ እያነበበ የሚነግራት ፕሮግራም አለው፤ ቅጹ ላይ ሲደርስ ግን የሚነግራት «ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ቁልፍ» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔ ተጠራሁ። ዓይኔ ደህና ቢሆንም እኔም ተቸገርሁ፤ በ07 የሚጀምረውን ስልኳን ቅጹ «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ መለሰው፣ የእኔን ሰጥተን ስናልፍ ደግሞ ገጹ ጊዜው አልቋል ብሎ የሞላነውን ሁሉ ደመሰሰው። ዳኞቹ ታሪኩን ሳያዩት ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ለትንንሽ የሥነ ጽሑፍ ማኅበራት ቅጽ በማዘጋጀት እረዳለሁ። ከዚህ በታች ያለው እኔ ራሴ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። የግጥም፣ የልብ ወለድ ወይም የድርሰት ውድድር ለምታዘጋጁ የጻፍሁት ቢሆንም ለፎቶግራፍም ለሥዕልም አብዛኛው ይሠራል። ፕሮግራም መጻፍ አይጠይቅም። ባለሙያ ካሠራችሁ ግን ወረቀቱን አትማችሁ ስጡት።

1. ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ሰርዙ

በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ «ይህን መልስ ማን፣ መቼ ይጠቀምበታል?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ «ምናልባት አንድ ቀን» ከሆነ ጥያቄው ይሰረዝ። ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገው ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ የሥራው ርዕስ፣ ሥራው ራሱ፣ እና «ሥራው የራሴ ነው፤ የውድድሩን ደንብ ተቀብያለሁ» የሚል ማረጋገጫ ነው። በቃ። የትምህርት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እነዚህ ሁሉ ከተፈለጉ ከአሸናፊዎቹ ይጠየቃሉ። የሦስት ሰው መታወቂያ ለመያዝ የአራት መቶ ሰው መታወቂያ መሰብሰብ ሸክሙ ለአዘጋጁም ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የሰበሰባችሁትን የመጠበቅ ግዴታም አለባችሁ።

2. መሣሪያውን ምረጡ፣ ግን ወጥመዱን እወቁ

አብዛኛው ሰው ጉግል ፎርምስን ይመርጣል። ነጻ ነው፣ በስልክ ይሠራል፣ ጽሑፍን በድምፅ ከሚያነቡ ፕሮግራሞች ጋርም በመጠኑ ይስማማል። ወጥመዱ ያለው ፋይል ማያያዣው ላይ ነው። «ፋይል ይጫኑ» የሚል ጥያቄ በጨመራችሁበት ቅጽበት ተወዳዳሪው ወደ ጉግል አካውንቱ እንዲገባ ይገደዳል። አካውንት የሌለው፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ፣ ከኢንተርኔት ካፌ የሚሞላ ሰው እዚያው ይቆማል። ፋይሎቹም የሚከማቹት በእናንተ የጉግል ማከማቻ (ድራይቭ) ውስጥ ስለሆነ ቦታው ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው አጭር ከሆነ በቅጹ ሳጥን ውስጥ እንዲለጠፍ አድርጉ። ረጅም ከሆነ ሁለተኛ መንገድ ክፈቱ፤ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም። ሁለተኛውን መንገድ በትንሽ ፊደል ገጹ ግርጌ አትደብቁት፤ ከቅጹ በላይ፣ «ቅጹን መሙላት ካልቻሉ» ብላችሁ ጻፉት። በፖስታም ሆነ በእጅ የሚመጣ ካለ ተቀበሉ። በብዕር የሚጽፍ ጥሩ ገጣሚ ዛሬም አለ።

3. ስም፤ እዚህ ላይ ረጋ በሉ

ከውጭ የተገዛ ወይም የተቀዳ ቅጽ በብዛት የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። ምክንያቱም «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ይጽፋል። የምስክር ወረቀቱ ሲታተም ጉዱ ይወጣል። መፍትሔው አንድ ሰፊ ሳጥን ነው፦ «ሙሉ ስም ከነአባትና አያት፣ በምስክር ወረቀት ላይ እንዲጻፍ በሚፈልጉት አጻጻፍ»። የብዕር ስም የሚጠቀም ካለ ሌላ ሳጥን ይኑረው፤ ግዴታ ግን አይሁን።

ቀጥሎ የፊደል ብዛት። ብዙ ቅጾች «ስም ቢያንስ ሦስት ፊደል ይሁን» የሚል የተደበቀ ደንብ አላቸው። በላቲን ሲጻፍ ምክንያታዊ ይመስላል። በእኛ ፊደል ግን ሩት፣ ሳራ፣ ዓሊ፣ ሊያ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ሩት ስሟን በትክክል ጽፋ «ስምዎን በትክክል ያስገቡ» ትባላለች። ይህን ደንብ አስወግዱት።

ከላይም ገደብ አለ፤ ይኼኛው የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ዛሬ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት ነው። ባለሙያው በባይት የሚቆጥር ማከማቻ ተጠቅሞ ለስም 30 ከመደበ ለእኛ የሰጠን 10 ፊደል ነው። «ገብረመድኅን ወልደሥላሴ» 13 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ 40 ባይት ይፈልጋል። ቅጹ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ «ገብረመድኅን ወል» ብሎ ይቆርጠዋል፣ ምናልባትም ከመጨረሻው የጥያቄ ምልክት ያለበት አልማዝ ይጨምርበታል። ባለሙያችሁን «ገደቡ በፊደል ነው ወይስ በባይት?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ካልገባው ረጅም ስም ራሳችሁ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ስምን ሁለት ቦታ አስጽፎ «አይመሳሰሉም» ማለትም ይቅር። ኃይሉን ሀይሉ፣ ፀሐይን ጸሀይ ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ነው።

4. ስልክና አድራሻ

ስልክ በ09 ወይም በ07 ሊጀምር ይችላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ 07 ብርቅ አይደለም፤ ቀድሞ የተሠሩ ቅጾች ግን አሁንም ይገፉታል። በ+251 የሚጀምረውንም፣ መሐሉ ላይ ክፍት ቦታ ያለውንም ተቀበሉ፤ ማስተካከል የማሽኑ ሥራ ነው። ከውጭ አገር የሚወዳደር ካለ ደግሞ የአሥር አኃዝ ገደብ አይሠራም።

አድራሻ ካስፈለገ ከተማና አገር ይበቃል። የክልል ዝርዝር ማስቀመጥ የግድ ከሆነ ዝርዝሩን አድሱት። ዘጠኝ ክልል ያለበት ቅጽ አሁንም አያለሁ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ክልል ሆነዋል፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 መጨረሻ ተከትለዋል። ክልሎቹ 12 ሲሆኑ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ይጨመራሉ። ከሆሳዕና የሚሞላ ልጅ ክልሉን ከዝርዝሩ ሲያጣ «ሌላ» የሚለውን ይመርጣል፤ በገዛ አገሩ «ሌላ» መባል ደስ አይልም።

5. ቀንና ሰዓት

የትውልድ ቀን መጠየቅ አለባችሁ? የዕድሜ ገደብ ካለ «በውድድሩ መዝጊያ ቀን 18 ዓመት ይሞላኛል» የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተፈለገ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የቀን መምረጫ አትጠቀሙ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ 13ኛ ወር አያውቅም፣ ብዙ ጊዜም ከዛሬ ጀምሮ ወር በወር ወደ ኋላ ያስኬዳል። የ60 ዓመት ሰው ከ700 ጊዜ በላይ ይጫናል ማለት ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አድርጉና በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ጳጉሜንን አትርሱ።

የመዝጊያው ቀን የበለጠ ያጣላል። «የካቲት 7» ብላችሁ ስታበቁ ፌብሩዋሪ 7 ማለታችሁ ከሆነ አንድ ሳምንት ተሳስታችኋል፤ ፌብሩዋሪን «የካቲት» ብሎ መተርጎም በጋዜጣ ሳይቀር የተለመደ ስሕተት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። «ከቀኑ 12:00» የሚለውን አንዱ እኩለ ቀን፣ ሌላው የፀሐይ መጥለቂያ ብሎ ያነበዋል። «እኩለ ሌሊት» ማለትም አያዋጣም፤ በእኛ ልማድ ሌሊቱ ያለፈው ቀን ሲሆን በኮምፒውተሩ ግን ቀኑ የሚለወጠው እዚያው ላይ ነው። ተወዳዳሪው «ቅዳሜ ሌሊት» ሲል ማሽኑ «እሑድ» ብሎ ይዘጋበታል።

እኔ መዝጊያውን ሁልጊዜ በብርሃን አደርገዋለሁ፣ ሙሉውንም እጽፋለሁ። ለምሳሌ፦ «ቅዳሜ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2026)፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት። በዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእስራኤል ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዱባይ ከምሽቱ 12 ሰዓት።» በዚህ አጻጻፍ ሁሉም ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሆኑንም አንድ ቃል ጨምሩ፤ ውጭ የኖረ ሰው ሁለቱንም ያደባልቃል። የአሜሪካና የእስራኤል ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚለወጥ ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ቀድታችሁ አትለጥፉ።

6. ሥራው የሚገባበት ሳጥን

የግጥም ውድድር ከሆነ መጀመሪያ የምትፈትሹት የመስመር አከፋፈል ነው። አንዳንድ ቅጽ የተለጠፈውን ግጥም እንደ ስድ ንባብ አንድ ላይ ያያይዘዋል። ስንኙ ሲፈርስ ቤት መምቻውም ይጠፋል፤ ዳኛው የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። አራት መስመር ግጥም ለጥፉ፣ ላኩ፣ ከዚያ በአዘጋጁ በኩል እንዴት እንደደረሰ እዩ። በተወዳዳሪው በኩል ደህና መስሎ በእናንተ በኩል ፈርሶ ሊደርስ ይችላል።

የቃላት ገደብ ላይ ሁለት ነገር አለ። ማሽኑ ቃል የሚቆጥረው ክፍት ቦታ እያየ ነው፤ በጥንቱ ሥርዓት በሁለት ነጥብ (፡) ቃላትን የሚለይ ጸሐፊ ባለ አንድ ቃል ታሪክ ልኳል ይባላል። ሁለተኛው፣ ገደቡን ከእንግሊዝኛ ውድድር አትቅዱት። «ስላልመጣችሁልኝ» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚሁ ስድስት ሰባት ቃል ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ 3,000 ቃል የሆነ አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ በጣም ባነሰ ቃል ያልቃል። ገደቡን በገጽ ወይም በፊደል ብዛት ብታስቀምጡት ይሻላል፤ ቆጣሪም አሳዩ፣ «ከ9,000 ፊደል 7,240 ተጠቅመዋል» የሚል። ያለፈውን ዝም ብሎ የሚቆርጥ ቅጽ የታሪኩን መጨረሻ ይበላል። መጨረሻ የሌለው አጭር ልብ ወለድ ደርሶኝ ድፍረቱን አድንቄለት ነበር፤ በኋላ ነው ቅጹ የቆረጠው መሆኑ የታወቀው።

ፋይል የምትቀበሉ ከሆነ የድሮ ፊደሎች ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በእነሱ የተጻፈ ሥራ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። በዚህ የሚጽፉት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉና ብዙ የጻፉ ሰዎች ናቸው፤ ማባረር የምትፈልጉትም እነሱን አይደለም። «ሥራው በድሮ ፊደል ከተጻፈ በፒዲኤፍ ይላኩ» የሚል አንድ መስመር ችግሩን ይፈታዋል።

7. ለማያይ፣ በደንብ ለማያይ፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ መረጃና ኮሙኒኬሽንንም ተደራሽ ማድረግን ይጠይቃል። ሕጉን ያነሣሁት ስለ ቸርነት እያወራሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

ወዳጄን ያሰናከላት ነገር ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ ሳጥን ስም በሳጥኑ ውስጥ በደብዛዛ ግራጫ ተጽፎ ነበር፤ መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። ለኮምፒውተሩ «ይህ ሳጥን የስም ነው» ብሎ የነገረው የለም። ለባለሙያችሁ ንገሩት፦ እያንዳንዱ ሳጥን ከበላዩ የሚታይ መለያ ጽሑፍ ይኑረው፣ መለያውም ከሳጥኑ ጋር በኮዱ ውስጥ ይያያዝ። ሁለተኛ፣ የገጹ ቋንቋ «አማርኛ» ተብሎ በኮዱ ይመዝገብ። እንግሊዝኛ ተብሎ ከተመዘገበ የሚያነበው ድምፅ የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው ወይ ይዘለዋል ወይ ይዘባርቃል። ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ማንበቢያ ነጻ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው አንባቢ ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የብረት ድምፅ ነው፣ ግን ይገባል።

ጥያቄን በፎቶ አታቅርቡ። በሚያምር ፖስተር ላይ የተጻፈ የውድድር ደንብ ለማንበቢያው ባዶ ሥዕል ነው፤ ፖስተሩ ይኑር፣ ከሥሩ ግን ደንቡ በጽሑፍ ይደገም።

ስለ ቀለምና መጠን የምለው አጭር ነው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ 2.2 እትም፣ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን፣ የሚነካ ቁልፍም በመሠረቱ ከ24 በ24 ፒክስል እንዳያንስ ይጠይቃል። እኔ ለአማርኛ ፊደሉን ከእንግሊዝኛው አተልቀዋለሁ፤ መ እና ሙ፣ ለ እና ሉ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነውና። ግዴታ የሆነውን ጥያቄ በቀይ ኮከብ ብቻ አታመልክቱ፤ «ግዴታ» ብላችሁ ጻፉ።

8. ስሕተት ሲፈጠር ምን ይላል?

«የተሳሳተ መረጃ» የሚል መልእክት ምንም አይነግርም። የትኛው ሳጥን? ምን ጎደለ? እንዴት ይስተካከል? «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል፤ ምሳሌ፦ 09 ወይም 07 ብሎ ጀምሮ በጠቅላላው አሥር አኃዝ» ብሎ ከሳጥኑ አጠገብ፣ በአማርኛ ይናገር። አማርኛ ቅጽ ሞልቶ በእንግሊዝኛ መሰደብ የተለመደ ሆኗል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሳጥን በመሳሳቱ የተቀሩት አይደምሰሱ። ይህን የሚያደርግ ቅጽ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አሠሩ።

9. ሮቦት መሆን አለመሆኑን መጠየቅ

የትራፊክ መብራትና የእግረኛ ማቋረጫ ያለበትን ሥዕል ምረጡ የሚለው ፈተና የአሜሪካ ጎዳና ለማያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ነው። የመንገድ ዳር የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ ምን እንደሚመስል ስንቶቻችን አይተናል? በድምፅ የሚቀርበው አማራጭም በተዘበራረቀ እንግሊዝኛ ነው። ለሁለት መቶ ተወዳዳሪ ይህ ሁሉ ጥበቃ አያስፈልግም። ሰው የማያየው፣ ሮቦት (ቅጽ በራሱ የሚሞላ ፕሮግራም) ግን የሚሞላው ድብቅ ሳጥን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያ ሳጥን ከማንበቢያ ፕሮግራሞችም መደበቁን አረጋግጡ፣ አለዚያ ወጥመዱ ውስጥ የሚገባው ዓይነ ስውሩ ነው።

የጊዜ ገደብም አታድርጉ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል ያልቃል። ገደቡ የማይቀር ከሆነ ሊያልቅ ሲል ያስጠንቅቅ፣ በአንድ ንኪት ይራዘም። በቅጹ መጀመሪያ ላይም «ሥራዎን አስቀድመው ሌላ ቦታ ጽፈው ያስቀምጡ፤ መሙላቱ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል» በሉ።

10. ከተላከ በኋላ

«እናመሰግናለን» ብቻ አይበቃም። የምዝገባ ቁጥር ስጡ፣ የላከውን ሥራ ቅጂ አሳዩት ወይም በኢሜይል መልሱለት፣ ስሕተት ቢያገኝ እስከ መቼ ማረም እንደሚችል ንገሩት። ይህ ከሌለ ሰው ደርሶ እንደሆነ ስለማያውቅ ሦስት ጊዜ ይልካል፤ ከዚያ ሦስት ቅጂ የማመሳከሩ ሥራ የእናንተ ነው።

11. ሙከራ

ቅጹን ከማወጃችሁ ቢያንስ አሥር ቀን በፊት ራሳችሁ በአምስት መንገድ ሙሉት። በርካሽ ስልክ፣ በአማርኛ መጻፊያ። ማውዝ ሳትነኩ፣ በታብ ቁልፍ ብቻ። መሐል ላይ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ መልሳችሁ በማብራት። ሆን ብላችሁ በስሕተት። በመጨረሻም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለውን ቶክባክ የተባለ የድምፅ ማንበቢያ አብርታችሁ። ቶክባክ ሲበራ አንድ ጊዜ መንካት ያነባል፣ ሁለት ጊዜ መንካት ይከፍታል፤ ይህን ሳላውቅ የሞከርሁት ቀን ማጥፋት አቅቶኝ ስልኬ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሲለፈልፍ ዋለ። ማጥፊያውን አስቀድማችሁ ተማሩ።

ከዚያ ለሦስት ሰው ስጡት፦ ለአንድ ዓይነ ስውር፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆነ አንድ ጸሐፊ፣ ውጭ አገር ለሚኖር አንድ ሰው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አትምሩ፤ ዝም ብላችሁ የት እንደሚቆሙ መዝግቡ። ሰዓትም ያዙ። ሥራው ተዘጋጅቶ ሳለ ከሦስቱ አንዱ ከሃያ ደቂቃ በላይ ከወሰደበት ወደ 1ኛው ተመለሱና ጥያቄ ሰርዙ።